በሁለት አንደርስኮር የሚጀምሩት ስሞች

ጥያቄህ እንደገባኝ ይሄ ነው፦ በሲ ቋንቋ፣ የሲስተም ሄደሮች (ከቋንቋው ጋር የሚመጡ፣ ኮዳችን አናት ላይ የምናስገባቸው ፋይሎች) ውስጥ ያሉ ፋንክሽኖች የቫሪያብል ስማቸውን ለምን በሁለት አንደርስኮር ይጀምራሉ፣ እኔስ በራሴ ሄደር እንደዚያ ላድርግ ወይ? ሁለተኛውን ላስቀድም። አታድርግ።

ነገሩ ሁሉ የማክሮ ጣጣ ነው። ማክሮ ማለት ኮዱ ኮምፓይል ከመሆኑ በፊት አንድን ስም በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ትእዛዝ ነው። ስኮፕ፣ ማለትም ስሙ የሚሠራበት ክልል፣ አያውቅም። ፋይልህ አናት ላይ ኤን የሚባል ማክሮ 100 ብለህ ከሥሩ ሄደር ብታስገባ፣ እዚያ ውስጥ ኤን የሚባል ፓራሜትር ካለ እሱም 100 ይሆንና ኮምፓይለሩ አንተ ባልነካኸው መስመር ላይ ይጮሃል። በሁለት አንደርስኮር፣ ወይም በአንድ አንደርስኮርና በካፒታል ፊደል የሚጀምሩ ስሞች ግን ለኮምፓይለሩና ለላይብረሪው የተተዉ ናቸው። ሄደር ጻፊዎቹ እዚያ የሚሸሸጉት ለዚህ ነው። አንተም እዚያ ከገባህ መልሰህ ከእነሱ ጋር ትጋጫለህ።

የሚጮህ ስህተት ግን ደግ ነው። እኔን ሁለት ቀን የበላኝ ዝም ያለው ነው። ሁለት ቁጥር የሚያቀያይር ማክሮ ሄደር ውስጥ ጽፌ ነበር፣ በውስጡ ቴምፕ የሚባል ጊዜያዊ ቫሪያብል አለው። ለወራት ሠራ። አንድ ቀን ግን የጠራሁበት ቦታ ላይ የእኔው ቫሪያብል ስምም ቴምፕ ሆነ። የውስጡ ቴምፕ የውጪውን ሸፈነው፣ ከራሱ ጋር ተቀያየረ፣ የእኔ ቁጥሮች ባሉበት ቀሩ። ኮዱ ኮምፓይል ሆነ፣ ሮጠ፣ ምንም አላለም፤ እኔ ደግሞ ስህተቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ከረምኩ። ዳሽ ደብሊው ሻዶው የሚባለውን፣ ጂሲሲ የተባለው የሲ ኮምፓይለር ያለውን ማስጠንቀቂያ ባበራው ኖሮ ወዲያው ይነግረኝ ነበር። አሁን ሳላበራው አልሠራም።

ከዚያ ወዲህ በስታቲክ ኢንላይን ፋንክሽን (ሄደር ውስጥ ሙሉውን መጻፍ በሚቻል፣ የራሱ ስኮፕ ባለው ፋንክሽን) መሥራት የሚቻለውን በማክሮ አልጽፍም። ማክሮ የግድ ከሆነ ስሙ በካፒታል ይሁን፣ ከፊቱም የፕሮጀክትህን ስም አድርግበት። ሄደር ላይ ለሚወጣ ፋንክሽንም እንደዚያው። በኤስቲአር ጀምሮ ትንሽ ፊደል የሚከተለው የፋንክሽን ስም ደግሞ አታውጣ፣ ቋንቋው ለራሱ ያስቀመጠው ነው፤ ሲ23 በሚባለው የሲ ስታንዳርድ ላይ ስትሪንግ የሚቀዳው ኤስቲአርዱፕ የገባው በዚሁ በር ነው።

ማዝ ሄደርን ስታስገባም ተጠንቀቅ። በብዙ ሲስተም ላይ ዋይ1 የሚባል፣ ቤሰል የተባለ የሂሳብ ፋንክሽን አለበት፣ ለግራፍ ነጥብ ብለህ ግሎባል ዋይ1 ካወጣህ ይጋጫል። ስሙ ከየት እንደመጣ ካልገባህ ጂሲሲን በዳሽ ካፒታል ኢ (ኮምፓይል ሳያደርግ ሄደሮቹና ማክሮዎቹ የተተኩበትን ኮድ ብቻ በሚያሳየው) አስኪደውና ውጤቱ ውስጥ ፈልገው፤ ከየትኛው ፋይል፣ ከስንተኛው መስመር እንደመጣ እዚያው ተጽፏል።