ሳማ የለበለበው፣ ቁልቋል የነካው ልጅ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲወጣ አጥሩና ገደሉ ሁሉ ቅጠል ይለብሳል። ልጆችም አደይ ሊለቅሙ፣ ኳስ ሊያሳድዱ በየሜዳው ይበተናሉ። በዚህ ሰሞን ቆዳው ተቆጥቶ ወይም ውሃ ቋጥሮ ወደ እኛ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ልጅ ብዙ ነው። ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ፣ ከአቃቂና ከሽሮ ሜዳ ወላጆች የጠየቁኝን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ ሥራዬ ነርስነት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ልጁን ይዛችሁ ስትመጡ «ምን ነካው?» ብቻ ሳይሆን «ከነካው ስንት ሰዓት ሆነው?» ብዬ እጠይቃችኋለሁ። በነካው ቅጽበት የሚያቃጥልና በማግስቱ የሚወጣ አንድ አይደሉም፤ ሕክምናቸውም ይለያያል። ስለዚህ ሰዓቱን ያዙልኝ። ቅጠሉንም በፌስታል ይዛችሁ ብትመጡ ትልቅ እገዛ ነው።

የአምስት ዓመት ልጄ ኳስ ሊያወጣ አጥር ሥር ገብቶ ሳማ ለበለበው። እግሩ ትንኝ እንደበላው ጉብ ጉብ ብሏል፤ እያለቀሰ ያካል። (ከሱሉልታ)

አይዞሽ እህቴ፣ ሳማ ክፉኛ ያማል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት፣ ቢዘገይ በማግስቱ ይለቃል። ቅጠሉን ጠጋ ብለሽ ካየሽው ነጫጭ ጸጉር አለው። እያንዳንዱ ጸጉር ውስጡ ክፍት ነው፤ ቆዳ ሲነካው ጫፉ ተሰብሮ እንደ መርፌ ይገባና የያዘውን ፈሳሽ ይለቃል። ፈሳሹ ውስጥ ሂስታሚን አለ፤ የሚያሳብጠውና የሚያሳክከው እሱ ነው።

ስለዚህ አትሺው። ማሸት የቀረውን ጸጉር ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰብረዋል። መጀመሪያ ሱሪውንና ካልሲውን አውልቂለት፣ ቀጥሎ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ሳትፈትጊ እጠቢው። ከደረቀ በኋላ ፕላስተር ለጥፈሽ ንቀይው፤ ተሰክቶ የቀረውን ጸጉር ይዞት ይወጣል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊበት። ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳው የሴትሪዚን ሽሮፕ ይረዳል፤ መጠኑን ግን በዕድሜው ልክ ፋርማሲስቱ ይንገርሽ። ጥፍሩን ቁረጪለት፤ ብዙ ጊዜ ቁስል የሚፈጥረው ሳማው ሳይሆን ጥፍሩ ነው።

ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ዙሪያ ካበጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደጋግሞ ካስመለሰው ግን ቤት አትቆዪ። ይህ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፤ ሲያጋጥም ግን ደቂቃም ዋጋ አለው። መኪና ካጣሽ 907 ደውለሽ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ።

እኛ ልጆች ሳለን ሳማ ከለበለበን አጠገቡ የበቀለውን ቅጠል አሽተን ነበር የምንድነው። ዛሬ ልጆቼ ያን ስል ይቆጡኛል። ምን ክፋት አለው? (ከቡራዩ፣ አያት)

እማማ፣ ያ ቅጠል ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ለጊዜው ያስታግሣል፤ ሳማውም በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ያዳነው ቅጠሉ ይመስላል። ክፋቱ ሁለት ነው፦ ማሸቱ ጸጉሩን ያስገባዋል፤ ደግሞም የልጅ ልጅዎ ቅጠሉን ከቅጠል ለይቶ ስለማያውቅ ሌላ የሚያቃጥል ነገር ሊደርብበት ይችላል። ቅዝቃዜውን ከውሃ ያገኙታል። ልጆችዎን ግን በዚህ አይቀየሟቸው። ሳማ ሲቀቀል መለብለቡን እንደሚተውና ለጾም ወጥ እንደሚሆን እርስዎ ያውቃሉ፤ ይህን እነሱ ከእርስዎ ይማሩ።

የሰባት ወር ልጄን ሆዷን ሲቆርጣት ጤና አዳም ጨምቄ ሆዷንና አንገቷን ቀባኋት፣ ከዚያ ጠዋት ፀሐይ አሞቅኋት። በማግስቱ ከቀዩ ቦታ ላይ ውሃ ቋጠረ። ጎረቤቶች ምች ነው፣ ዳማከሴ ቀቢያት አሉኝ። (ከለገጣፎ)

እባክሽ ምንም ነገር አትድገሚባት፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። በዚህ ዕድሜ ውሃ የቋጠረ ቆዳ በባለሙያ መታየት አለበት።

ከነገርሽኝ ተነስቼ ስናገር የጤና አዳምና የፀሐይ ቃጠሎ ይመስላል። በዚህ ላይ ረዘም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጤና አዳም የማይገኝበት ግቢ የለም፣ ሕፃን ፀሐይ የማያሞቅ እናትም የለችም። ሁለቱ ለየብቻቸው ችግር አያመጡ ይሆናል፤ በአንድ ቆዳ ላይ ሲገናኙ ግን ያቃጥላሉ። የጤና አዳም ጭማቂ ፉራኖኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ጭማቂው ያለበት ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ይህ ንጥረ ነገር የቆዳውን ሕዋሳት ይጎዳል። ወዲያው ምንም አይታይም፤ ሕፃኗም ላታለቅስ ትችላለች። በማግስቱ ይቀላል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ውሃ ይቋጥራል። ሲድን ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል።

መለያው ቅርጹ ነው። ጭማቂው በአንገቷ የወረደበትን መንገድ ተከትሎ መስመር ይሠራል፤ የእናት ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ የጣት ቅርጽ ይታያል። ምች የምንለው ከንፈር ዳር የሚወጣው ቁስል እንዲህ አይወጣም፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነው።

ውሃውን አታፍርጪው። ንጹሕና ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አድርጊበት፣ ልስልስ ልብስ አልብሻት፣ ቦታው እስኪድን ፀሐይ አይንካው። ፀሐይ ማሞቁን ከዳነች በኋላ በታጠበና ምንም ባልተቀባ ቆዳ ቀጥይ፤ ለአጥንቷ ያስፈልጋታል። የሎሚ ጭማቂም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሎሚ የጨመቀ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ አይውጣ። ጤና አዳምን ጨምቆ ሕፃን ማጠጣትንም ተዉት። በቡና ላይ እንደምናደርጋት ቅንጣቢ አይደለም፤ ሲበዛ መርዝ ነው።

ልጆች ቁልቋል በዱላ ሲመቱ ወተቱ የአንዱ ዓይን ውስጥ ገባ። የጡት ወተት አድርጉበት ይላሉ። (ከአቃቂ)

የጡት ወተት አይደረግበትም፤ የሚደረግበት ውሃ ብቻ ነው፣ ያውም አሁኑኑ። ልጁን ወደተጎዳው ዓይን ጎን አስተኙት፣ ሽፋኑን በጣት ከፍታችሁ ንጹሕ ውሃ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ ሳታቋርጡ ቢያንስ 20 ደቂቃ አፍስሱበት። ይጮኻል፣ ይታገላል፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ ያዙት። እንዲያሽ አትፍቀዱለት። ወተቱ የነካውን እጁንና ፊቱን በሳሙና እጠቡ፣ የእናንተንም እጅ ጭምር።

ከዚያ ቀጥታ ዓይን ሐኪም ዘንድ። ከከተማው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ሕመሙ ቀለል ቢል እንኳ አትቅሩ፤ የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት የዓይንን ብሌን የሚያቆስለው ቀስ እያለ ነው፣ ማታ ወይም በማግስቱ ሊብስ ይችላል። በወቅቱ የታከመ አብዛኛው ይድናል፤ የዘገየው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

ሽፍታው ወደ ወንድሙ ይተላለፋል? ትምህርት ቤት ይሂድ? (ከቡራዩ)

የቅጠል ቁጣ አይተላለፍም፤ ይሂድ። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶቹ መሃልና በእጅ አንጓው ላይ የሚበዛ፣ አንተንና እናቱንም የጀመራችሁ ከሆነ ግን እከክ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ካለበት ደግሞ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ከልጆች ለይታችሁ አምጡት።

ክረምት ልጆቼ ሜሪላንድ አክስታቸው ጋ ይሄዳሉ። እዚያ ፖይዝን አይቪ የሚባል ቅጠል አለ አለችኝ። እኛ አገር አለ? እንዴት ላዘጋጃቸው? (ከሽሮ ሜዳ)

እኛ ጋ አይበቅልም። እዚያ ግን በየጫካው ዳርና በየአጥሩ የተለመደ ነው። ልጆቹ ይህን አንድ ነገር ይያዙ፦ ከአንድ ዘንግ ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግ አይነካም። ዛፍ ላይ የሚወጣው ግንዱ ደግሞ ጸጉራም ነው፤ ቅጠሉ ረግፎም ቆዳ ያስቆጣል።

ከሳማ የሚለየው፣ ሲነኩት ምንም አለመሰማቱ ነው። ኡሩሺዮል የሚባል ቅባት አለው፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሰውነት ሲቆጣበት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ቀይ፣ ውሃ የቋጠረና በጣም የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል። የእናንተ ልጆች ከዚህ ቀደም ነክተውት ስለማያውቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከነኩት ሽፍታው ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ሽፍታ ቢወጣባቸው የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ንገሩት፤ እዚህ ያለ ሐኪም ይህን መጀመሪያ አያስብም።

ለአክስታቸው ይህን ንገሪያት፦ ከነኩት በደቂቃዎች ውስጥ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠቡ፣ ጥፍራቸው ሥር ሳይቀር። ልብሳቸው ለብቻው ይታጠብ፣ ጫማቸው ይጠረግ፣ ውሻው ጫካ ገብቶ ከነበረ እሱም ይታጠብ። ቅባቱ ዕቃ ላይ ለወራት ሳይጠፋ ይቆያል። ተክሉ በፍጹም አይቃጠል፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ከውሃው ቋጠሮ የሚወጣው ፈሳሽ ግን ሽፍታውን አያዛምትም። ለሕክምናው ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ካላማይን ሎሽንና ለጥቂት ቀን ቀለል ያለ የሃይድሮኮርቲዞን ቅባት ይበቃል። ፊት፣ ዓይን ወይም ብልት ከነካ ወይም ሰውነታቸውን ከሸፈነ ሐኪም ይየው።

ልጄ ማንጎ ሲበላ አፉ ዙሪያ ይቆጣል። (ከአቃቂ)

ማንጎ ከላይ ካነሳሁት ከፖይዝን አይቪ ጋር ቤተ ዘመድ ነው። ቁጣውን የሚያመጣው ልጣጩና ከልጣጩ ሥር ያለው ፈሳሽ ነው። ልጠሽ ቆራርጠሽ ስጪው፣ በጥርሱ እየላጠ አይብላ፤ ከበላም በኋላ አፉን እጠቢው። ያም ሆኖ ከቀጠለ ወይም ምላሱና ጉሮሮው ካበጠ ማንጎውን አስቀሪና አስመርምሪው።

ፋርማሲ ቤታሜታዞን የሚባል የቆዳ ቅባት ሰጡኝ፤ ለሁሉም ይሆናል አሉ። (ከሱሉልታ)

ለሁሉም አይሆንም። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ጠንካራ ናቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የልጅ ፊትና የሽንት ጨርቅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ከተቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ነገሩ ጭርት ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን በስሱ፣ በቀን ሁለቴ፣ ከሳምንት ላልበለጠ ይበቃል። በሳምንት ካልቀነሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሰው አምጪው፤ ለሚያስቸግር የቆዳ ሕመም ወደ አለርት ሆስፒታል ሪፈር እናደርጋለን። የጥርስ ሳሙና፣ በረኪና፣ ጋዝና ነጭ ሽንኩርት ግን አደራ ልጅ ቆዳ ላይ አታድርጉ። ነጭ ሽንኩርት ብቻውን የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል፤ አይቼዋለሁ።

ግቢያችን ሳማ ወርሶታል። እንዴት እናጥፋው? (ከለገጣፎ)

ዝናብ ካባራ በኋላ መሬቱ ሳይደርቅ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም ሱሪና ቦት ጫማ አድርጋችሁ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ከላይ ብቻ ካጨዳችሁት ያቆጠቁጣል። ሳማ ፍግና ቆሻሻ ያለበትን መሬት ይወዳል፤ የፍጉን ቁልል ከልጆች መጫወቻ አርቁት። የነቀላችሁትንም አጥር ላይ አትጣሉት፤ ተነቅሎም ሊለበልብ ይችላል። ለወጥ የምትፈልጉት ካለ ልጆች የማይደርሱበት ጥግ ላይ ተዉትና ዙሪያውን በእሾህ እጠሩት።