መልስ፦ የድሮዋ አቃቂ መሐሏ የት ነበር?

ወንድሜ፣ በእኛ ጊዜ መሐሉ ባቡር ጣቢያው ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል አልፎ ነው። ፋብሪካዎቹም በሐዲዱና በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። የፈረቃ ጡሩምባ ሲነፋ መንገዱ በሠራተኛና በፈረስ ጋሪ ይጨናነቅ ነበር፣ ሻይ ቤቶቹማ መቀመጫ አይገኝባቸውም። በኋላ ባቡሩ ሲቀር በሐዲዱ መሐል ሣር በቀለ፤ ጎረቤታችን በርበሬ ታሰጣበት ነበር (አቧራውን ተዉት!)።

አሁን የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ባለመስታወት ፎቅ በዝቷል፣ ጋሪውንም ባጃጅ ተክቶታል። ሰዉ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲጎርፍ ገበያውም አብሮ ሸሸ። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ግን ቃሊቲ ላይ ነው የሚያበቃው። እኛ ያው ታክሲ ሰልፍ ላይ ነን።