ሶሻል ገብቼ የጦር ሐኪም መሆን እችላለሁ ወይ ላልሽው

አትችይም። 10ኛን ጨርሰሽ 11ኛ ላይ ሶሻል ከመረጥሽ የሕክምና በር እዚያው ይዘጋል፣ በመከላከያም ቢሆን በሲቪልም። ናቹራል ግቢ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ በርቺ፤ ሒሳብ ያስፈራኛል ያልሽው ግን አያዋጣም፣ ናቹራልም ሶሻልም ብትገቢ ይፈተናል።

የ12ኛ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ለሕክምና ግን ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ ፉክክር አለበት። የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፣ ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። የምልመላ ማስታወቂያ ሲወጣ የዕድሜውንና የነጥቡን መስፈርት ከራሱ ከማስታወቂያው አንብቢ። መናኸሪያ ላይ ስለ መስፈርቱ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሽውን እርሺው። የጤና ምርመራም አለ፤ መነጽር የምታደርጊ ከሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ግን በመሥሪያ ቤት ስፖንሰር ተምሬያለሁ። ስጨርስ መሥሪያ ቤቱን ላገለግል የገባሁትን ውል የፈረምኩት ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ወረቀቱን የጓደኛዬ ጀርባ ላይ አስደግፌ ነው። የአገልግሎት ዘመኑ ከተመረቅኩበት ቀን የሚቆጠር መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራ ከጀመርኩበት ቀን ነው! ምደባ እስኪመጣ ቤት የተቀመጥኩባቸው ወራት ከንቱ ቀሩ። ስለዚህ አንቺም ውል ሲሰጥሽ ስንት ዓመት እንደምታገለግዪ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ብታቋርጪስ ስንት ትከፍያለሽ የሚለውን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ። ኮፒውንም ተቀበይ።