ጎንደር ሆኜ ሳይበር ደህንነት ማስተርስ ልማር ነው፤ ምን ልዘጋጅ? ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሦስት ነገር ነው፤ በአይቲ ዲግሪ ይዘሽ ሥራ ላይ ሆነሽ ማስተርሱን ብትጀምሪ ምን ማጥናት እንዳለብሽ፣ ምን ዓይነት ላፕቶፕ እንደሚበቃሽና ቴሲስ እንዴት እንደሚመረጥ። ከመጨረሻው ልነሣ፤ ተማሪ የሚጓተተው እዚያ ላይ ነውና።

በብዛት የሚመረጠው ርእስ የኔትወርክ ጥቃትን በማሽን ለርኒንግ (ከዳታ በሚማር ፕሮግራም) መለየት ነው። ዳታው ይወርዳል፣ ሞዴሉ ይሠለጥናል፣ 99 በመቶ ይመጣል። ጠንቃቃ ፈታኝ ቁጥሩ አያስደንቀውም፤ «ዳታውን እንዴት ከፈልሽው?» ነው የሚለው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚወሰደውን የኔትወርክ ጥቃት ዳታ፣ ኤንኤስኤል ኬዲዲን (NSL-KDD) እንውሰድ። ማሠልጠኛው 125,973፣ መፈተኛው 22,544 መዝገብ አለው፤ መፈተኛው ውስጥ ማሠልጠኛው የማያውቃቸው የጥቃት ዓይነቶች አሉ። ማሠልጠኛውን ብቻ ለሁለት ከፍሎ የሞከረ ሰው ያማረ ውጤት ያገኛል፤ በትክክለኛው መፈተኛ ሲሞክረው ግን በጣም ይወርድበታል። ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚነጥቅበት ጥቃት ደግሞ ማሠልጠኛው ውስጥ 52 ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ይህን ለማመጣጠን «ስሞት» (SMOTE) የሚባለውን፣ ጥቂት የሆነውን ክፍል በሰው ሠራሽ ናሙና የሚያበዛ ዘዴ የምትጠቀሚ ከሆነ መጀመሪያ ዳታውን ክፈይ፣ ከዚያ ማሠልጠኛው ላይ ብቻ ሥሪ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የመፈተኛው መረጃ ወደ ማሠልጠኛው ይገባና ውጤቱ ሁሉ ዋጋ ያጣል። በዚያ ላይ የዚህ ዳታ መነሻ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ ትራፊክ ነው፤ የዛሬን ኔትወርክ በእሱ መለካት ከባድ ነው።

እኔ የምመክርሽ እዚሁ አገር ያለ፣ ዳታውን ራስሽ ልታገኚው የምትችይውን ችግር ነው። ለምሳሌ በአማርኛ የሚላኩ የማጭበርበሪያ ኤስኤምኤሶችን መለየት። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ኮዱን ይላኩልን» የሚል መልእክት ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። ሥራው ግን ቀላል አይመስልሽ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በየሰዉ አጻጻፍ ስለሚቀያየሩ ሞዴሉ አንዱን ቃል እንደ ሦስት ቃል ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን ወደ አንድ ማምጣት ያስፈልጋል። አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፉትን ደግሞ ለብቻ መያዝ። ምደባውን ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይሥሩት፤ ስምምነታቸውን በካፓ (በአጋጣሚ የመጣውን ቀንሶ ስምምነትን በሚለካ ቁጥር) ለኪው። ውጤቱን በአኩራሲ (ከሁሉም ስንቱ በትክክል እንደተለየ በሚያሳይ መቶኛ) ብቻ እንዳታቀርቢ፦ ከ1,000 መልእክት 20ው ማጭበርበሪያ ቢሆን «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ሞዴል አንዱንም ሳይዝ 98 በመቶ ያመጣል። ፕሪሲዥን (ማጭበርበሪያ ካላቸው ስንቱ እውነት እንደሆነ)፣ ሪኮል (ከእውነተኞቹ ማጭበርበሪያዎች ስንቱን እንደያዘ) እና ኤፍ ዋን (የሁለቱ ጥምር) የግድ ናቸው።

መልእክት ስትሰበስቢ የባለቤቶቹን ስምምነት በጽሑፍ ያዢ፤ ስም፣ ስልክ እና የሂሳብ ቁጥር ወዲያውኑ ይጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ መፈተሽ ከፈለግሽ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን አንብቢ፤ ያለ ፈቃድ መግባት ወንጀል ነው፣ «ለትምህርት ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። የአፍ ፈቃድም አይበቃም። ደብዳቤው የትኞቹ አይፒዎች እንደሚፈተሹ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ዓይነት ሙከራ እንደማይደረግ፣ ሲስተሙ ቢቆም ለማን እንደሚደወል ይዘርዝር። ይህ ደብዳቤ ፕሮፖዛሉ ከመቅረቡ በፊት እጅሽ ካልገባ ርእሱን ቀይሪ። ኃላፊ ሲቀየር የተሰጠ ቃልም አብሮ ሊቀር ይችላል፤ ያኔ መጀመሪያው የሚጠፋው የአንቺ ጊዜ ነው።

ላፕቶፕ፦ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ ኤስኤስዲ። ውድ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግሽም። 8 ጂቢ ካለሽ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን (ላፕቶፑ ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) አብረሽ ስታስነሺ ዊንዶውሱ ይንቀራፈፋል። ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን እዪ። ቨርቹዋል ማሽን በሚያስነሣው ቨርቹዋልቦክስ ላይ ካሊ (የደህንነት መፈተሻ መሣሪያዎች ያሉበት ሊኑክስ) እና ሜታስፕሎይተብል 2ን (ለልምምድ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ማሽን) ጫኚ፤ ለካሊ 4 ጂቢ፣ ለሌላው 1 ጂቢ ራም ይበቃል። ሁለቱንም ከላፕቶፑ ውጭ በማይወጣው በሆስት ኦንሊ ኔትወርክ አገናኚያቸው፤ ሜታስፕሎይተብልን ከውጭው ኔትወርክ በቀጥታ በሚያገናኘው በብሪጅ ካደረግሽው ሆን ተብሎ የተበሳሳ ማሽን ለዶርሙ ወይም ለቢሮው ዋይፋይ ሁሉ ክፍት ሆነ ማለት ነው። ከቨርቹዋልቦክስ መስኮት ግርጌ አረንጓዴ ኤሊ ካየሽ የዊንዶውስ የራሱ የቨርቹዋል ማሽን ሲስተም፣ ሃይፐር ቪ፣ ቨርቹዋላይዜሽኑን ይዞታል፤ መቀርፈፉ ከዚያ ነው።

መብራት ድንገት ሲጠፋ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ከደከመ፣ የቨርቹዋል ዲስኩ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስናፕሾት (የማሽኑን የአንድ ጊዜ ሁኔታ መያዣ) እዚያው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ባካፕ አይደለም። በየሳምንቱ ማሽኑን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ኤክስፖርት አድርጊ። ከባድ ፋይሎችን ኔት በሚፈጥንበት ሰዓት አንድ ጊዜ አውርደሽ አስቀምጪ፤ ሃሹን (ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን መለያ ኮድ) ማመሳከር እንዳትረሺ፣ እየተቆራረጠ የወረደ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ጭነቱ መሀል ላይ ነው የሚያቆመው።

ጥናቱን በኔትወርክ ጀምሪ። የኔትወርክ ትራፊክ የሚያሳየውን ዋየርሻርክ ከፍተሽ የቲሲፒን ሦስት እርምጃ (ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነት የሚከፍቱበትን) በዓይንሽ ካላየሽ፣ ክፍት ወደብ የሚፈልገው የኤንማፕ ስካን ለምን ክፍት ወደብ እንደሚያገኝ አይገባሽም። ቀጥሎ የሊኑክስ ትእዛዝ መስመር እና ፓይተን። ለክሪፕቶግራፊ (ለመረጃ ምስጠራ) አርኤስኤ የሚባለውን የምስጠራ ዘዴ አንድ ጊዜ በወረቀት ሥሪው፦ 61 እና 53ን አባዢ፣ 3233፤ ፋይው (60 በ52 ሲባዛ) 3120፤ ይፋዊ ቁልፉ 17 ሲሆን ሚስጥራዊው 2753 መውጣት አለበት። ይህ ከወጣልሽ የሞዱላር ሒሳቡን (በማካፈል ቀሪ የሚሠራውን) ይዘሽዋል። ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ለብቻው ዝግጅት ይፈልጋል፤ የሳይበር እውቀት አያሻግርሽም።

ላፕቶፕ ካገኘሽ ከመግዛትሽ በፊት ሞዴሉን እዚህ ጻፊው፤ ራሙ የሚጨመርበት ይሁን ወይም ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ አይተን እንነግርሻለን።