ስቴትመንትሽን ቢያነቡልሽ ማጭበርበር አይደለም

እህቴ፣ «ከኛ ግቢ አሜሪካ ለፒኤችዲ ያመለከተ ሰው አላውቅም፤ የማላውቃቸው ተማሪዎች ስቴትመንቴን (ከማመልከቻው ጋር ስለ ሥራዬና ስለ ዕቅዴ የምጽፈውን ጽሑፍ) ቢያነቡልኝ ማጭበርበር ይሆናል ወይ?» ብለሻል። አይሆንም። አባቱ ፕሮፌሰር የሆነ ልጅ ይህን ምክር እራት ላይ ያገኘዋል።

ትምህርትሽ ኮምፒውተር ሳይንስ ስለሆነ ዕድለኛ ነሽ። በርክሌይ፣ ስታንፎርድና ኤምአይቲ የተባሉት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ተማሪዎች በፈቃደኝነት የአመልካቾችን ረቂቅ የሚያነቡበት ፕሮግራም አላቸው። ብላክ ኢን ኤአይ የተባለውን፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መስክ የሚሠሩ ጥቁሮች ማኅበርንም እዪው። በ2017 እ.ኤ.አ. ከመሠረቱት አንዷ የኛዋ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ረድኤት አበበ ናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረቂቅሽንና ሲቪሽን ትልኪያለሽ፣ አስተያየት ጽፈው ይመልሱልሻል። አይጽፉልሽም፤ ቦታም ቃል አይገቡም። ቀኑን ግን ልብ በይ! ዋናው ማመልከቻ ብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፤ የነዚህ ፕሮግራሞች ምዝገባ ደግሞ ከዚያ ሳምንታት ቀድሞ ያልቃል።

ባዶ ወረቀት ይዘሽ አትሂጂ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ኮምፒውተር እወዳለሁ» የሚለውን መግቢያ አሁኑኑ ሰርዢው፣ ሁሉም ይጽፈዋል። የመመረቂያ ሥራሽ ምን ጥያቄ ነበረው? የቱን ክፍል ራስሽ ሠራሽ? ምን አልሠራ አለ፣ ያኔስ ምን አደረግሽ? ከማን ጋር፣ በምን ርዕስ መሥራት ትፈልጊያለሽ? ሁለት ገጽ በዚህ ይሞላል።

የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ይጠይቁሻል። መምህራኖችሽ ሥራ ስለሚበዛባቸው (ኢንተርኔቱንም ታውቂዋለሽ) ከአሁኑ ንገሪያቸው። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልሽም ጠይቂ፤ ለውጭ አገር አመልካች ሁሉም አይፈቅዱም፣ አንዳንዶቹ ግን ይፈቅዳሉ።