ከባድ ስፒከር የቱ አምፕሊፋየር ይችለዋል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። አምፕሊፋየር ልትገዙ ያሰባችሁ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። ከባድ ስፒከር የምለው ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ኃይል የሚጠይቀውን ነው።

ጥያቄ፦ ስፒከሬ 4 ኦም ነው። አምፕሊፋየሬ በ8 ኦም 100 ዋት ይላል። አይበቃም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 100 ዋቱን ለጊዜው ተወው። ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን ነው፣ ሲያንስ ብዙ አምፔር ይጠይቃል። በ4 ኦም ስንት ዋት እንደሚሰጥ ማኑዋሉ ላይ ፈልግ። 100 ዋት በ8 ኦም ማለት 28 ቮልትና 3.5 አምፔር ገደማ ነው። ያው ቮልት 4 ኦም ሲገጥመው 7 አምፔር ይጠየቃል፣ 2 ኦም ሲገጥመው ደግሞ 14፣ ውስጡ ኃይል የሚያቀርበው ትራንስፎርመር ትንሽ ከሆነ ይሄን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ጠንካራ አምፕሊፋየር ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ ዋቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 100 የነበረው 4 ኦም ላይ 180 ካለ ደስ ይበልህ። 120 ላይ ከቆመ ወይም ስለ 4 ኦም ጭራሽ ካላነሳ አልመክርህም። ደግሞ ስፒከሩ ጀርባ ላይ የተጻፈው ኦም ባለበት አይረጋም፣ ከድምፁ ውፍረትና ቅጥነት ጋር ይወጣል ይወርዳል። "4 ኦም" ተብሎ ቤዝ አካባቢ 3 የሚገባ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ የኔ ሴንሲቲቪቲው 84 ዴሲቤል ነው። ስንት ዋት ልግዛ?

መልስ፦ ሴንሲቲቪቲ ማለት ስፒከሩ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው የድምፅ መጠን ነው። 3 ዴሲቤል ለመጨመር ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት፣ 10 ለመጨመር አሥር እጥፍ። ስለዚህ በ1 ሜትር ርቀት 84 በ1 ዋት፣ 94 በ10፣ 104 በ100 ዋት ታገኛለህ። 90 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር ለዚያው 104 የሚፈልገው 25 ዋት ብቻ ነው። ልዩነቱን እየው! ግን ተጠንቀቅ፣ ቁጥሩ በ2.83 ቮልት የተለካ ከሆነና ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ 1 ዋት ሳይሆን 2 ዋት ነው የገባው። እውነተኛው 81 ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ትልቅ አምፕሊፋየር ስፒከሬን አያቃጥለውም?

መልስ፦ አቅም ያነሰውም ቢሆን ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ሊያቃጥለው ይችላል። እኔ 40 ዋት አምፕሊፋየር ላይ ከባድ ስፒከር ሰክቼ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። መጀመሪያ ከበሮው ፈዘዘ። ቀጥሎ ዘፋኟ "ሰ" ባለች ቁጥር ድምፁ እንደ ወረቀት ይቀደድ ጀመር። አላቆምኩም። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ጸጥ አለ፣ ፈትቼ ሳየው ፀጉር የምታክለው ሽቦ ተበጥሳለች። በትልቁም ቢሆን ግን ድምፁ መቀደድ ሲጀምር ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ቻናል ብሪጅ ባደርገውስ?

መልስ፦ ብሪጅ ማለት ሁለቱን ቻናል አጣምሮ አንድ ስፒከር ማስነዳት ነው። ለ4 ኦም አታድርገው። እያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም እንደተሰጠው ነው የሚቆጥረው።

ጥያቄ፦ ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ አምፕሊፋየር) እወዳለሁ፣ ልግዛ?

መልስ፦ ኦሙ ብዙ ለማይዋዥቅ ስፒከር ግሩም ነው፣ 4 ኦም በሚለው ተርሚናል ሰክተሽ ሞክሪው። ብዙ ለሚዋዥቅ ግን የድምፁን ሚዛን ይቀይርብሻል።

ጥያቄ፦ ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልፈትነው?

መልስ፦ በራስህ ስፒከር ፈትነው። ቤዝ የበዛበት ሙዚቃ ከፍተህ፣ ሁሌ ከምትሰማው ትንሽ ከፍ አድርገህ ግማሽ ሰዓት ተወው። መሞቁ ያለ ነው፣ ራሱን ካጠፋ ግን መልሰው።