ፈንገስ ከሆነ ስቴሮይድ ለምን ይሰጠኛል?

ወንድሜ፣ «ሐኪሜ አስምህን ያባባሰው ፈንገስ ነው ካለኝ በኋላ ስቴሮይድ አዘዘልኝ። መከላከያዬን አያዳክምም ወይ?» ብለሃል። ይሄ ጥያቄ እኔንም ብዙ ሌሊት አስጨንቆኛል።

ፈንገሱ ሳንባህን እየበላው አይደለም። በዋናነት የሚጎዳህ የገዛ ሰውነትህ ቁጣ ነው። አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ ብናኙ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሰው በየቀኑ ይስበዋል። ጤነኛ ሳንባ ጠርጎ ያስወጣዋል። ለፈንገሱ አለርጂ ያለን አስመኞች ጋ ግን አክታው ውስጥ ይበቅላል፣ ኢንዛይሙም የአየር ቱቦውን ሽፋን ይጎዳል። የተጎዱት ሴሎች «ድረሱልን!» ይላሉ። ቲኤስኤልፒ እና ኢንተርሉኪን 33 የሚባሉት መልእክተኞች ይሄን ጥሪ ነው የሚያደርሱት። ከዚያ ሌሎች መልእክተኞች ይከተላሉ፦ ኢንተርሉኪን 4 አይጂኢ የሚባለውን የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል ያስመርታል፣ ኢንተርሉኪን 5 ኢኦሲኖፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራል፣ ኢንተርሉኪን 13 አክታውን ያበዛል። አክታ በበዛ ቁጥር ፈንገሱ የበለጠ መደበቂያ ያገኛል። ስቴሮይዱ የታዘዘልህ ይሄን ጩኸት ለማብረድ ነው።

እኔ ለረጅም ጊዜ «ኢንሄለሩን በደንብ አትስበውም» ስባል ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስስል አድሬ ጠዋት ሶፍቱ ላይ ቡናማ ነገር ወጣ። እንደ ሙጫ የሚለጠጥ፣ ጫፉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፈለ። የቱቦውን ቅርጽ ይዞ ነበር የወጣው! ፎቶ አንስቼ አሳየሁ። የአይጂኢ፣ የአስፐርጊለስ አለርጂ ምርመራና ሲቲ ስካን የታዘዘልኝ ያኔ ነው። እንዲህ ዓይነት አክታ ካየህ እባክህ ዝም ብለህ አትጣለው።

ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ስቴሮይድ ጋር ኢትራኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒትም ተሰጠኝ። እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቅ። ይሄ መድኃኒት ጉበት ስቴሮይድን እንዳያስወግድ ያደርጋል፣ ፍሉቲካሶን ወይም ቡዴሶናይድ ያለበት ኢንሄለር እንኳ ደም ውስጥ ይከማቻል። ማንም አልነገረኝም ነበርና ፊቴ አብጦ ድቡልቡል አለ። የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪምህ ዘርዝርለት። ስቴሮይዱን ግን በራስህ ድንገት እንዳታቆም፣ አደጋ አለው።

አሁን መልእክተኞቹን ለይተው የሚይዙ መርፌዎች አሉ። ኦማሊዙማብ አይጂኢን ይይዛል፣ ዱፒሉማብ የኢንተርሉኪን 4ን እና የ13ን መቀበያ ይዘጋል፣ ቴዜፔሉማብ ጥሪውን ከምንጩ ያቆማል። እኔ ኢንተርሉኪን 5ን የሚይዘውን ሜፖሊዙማብ በየ4 ሳምንቱ እወጋለሁ፣ ደረጃ ስወጣም መሀል ላይ መቆም ትቻለሁ። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም፤ ኒውትሮፊል የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች የሚበዙበት አስም በዚህ መርፌ እምብዛም አይሻለውም።

ሕክምናውን ሳትጀምር የአይጂኢህን ቁጥር ጻፈው። መሻልህ የሚታየው ከዚያ መነሻ ሲወርድ ነው። ስንት እንደወጣ እዚህ ንገረን።